«ሆድ ይፍጀው» እና የጨጓራ ክኒን

(በተመራቂዎች ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ደባርቅ ላይ የቀረበ ንግግር)

ብርዱ ገና ከጎንደር ወጣ ስትሉ ጀምሮ እንደተቀበላችሁ አያለሁ። ጋቢ ይዛችሁ የመጣችሁ ብልሆች ናችሁ፤ ነገ ሳንቃበር ላይ ደግሞ ይብሳል።

አዘጋጆቹ «ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና ትንሽ ነገር በል» ሲሉኝ፣ አጠገቤ የነበረ የድሮ የዶርም ጓደኛዬ «ኧረ በናትህ፣ ሰው ሊገናኝና ሊጫወት ነው የመጣው፤ እንዳታስለቅሰን» አለኝ። አላስለቅስም። ለመጀመር ያህል የማወራው ስለ ጨጓራ ነው።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ እዚሁ ሰሜን ጎንደር ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ነው የምሠራው። የግቢ ተማሪ ወደ እኔ ክፍል በቀጥታ አይመጣም። መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግቢው ክሊኒክ ነው፤ የሚለውም «ጨጓራዬ ነው» ነው። ኦሜፕራዞል ይሰጠዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ራሴን አመመኝ ይላል፤ ፓራሲታሞል ይሰጠዋል። በሦስተኛው የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ይታዘዝለታል። በአራተኛው ላይ አንዲት ልባም ነርስ ካርዱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «እንቅልፍህስ እንዴት ነው?» ትለዋለች። ይኼኔ ልጁ ዝም ይላል። ከዚያ መሬት መሬት እያየ «ሲስተር፣ በደንብ ከተኛሁ ወር አልፎኛል» ይላል።

ይህ ልጅ አንድ ሰው አይደለም። የታካሚን ምስጢር አደባባይ ማውጣት ስለማይገባኝ፣ ከብዙ ታሪክ ጥቂት ጥቂት ወስጄ ያገጣጠምኩት ነው። ግን ግቢ የኖራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከእናንተም መካከል ራሱን የሚያገኝበት አይጠፋም።

እኛ አገር ጨዋ ሰው የሚባለው ችሎ የሚኖር ነው። የከፋንን ነገር «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንዘጋዋለን። አባባሉ ደስ ይላል፣ ክብርም አለው። ነገር ግን ሐኪም ሆኜ ሳየው፣ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ስንል ነገሩ መልሶ ሆዱን ይፈጀዋል። ይህን የምለው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በእኛም አገር በብዙ ጥናት ላይ የዋለ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። «አዎ» ወይም «የለም» ተብሎ የሚመለስ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ራስ ምታት ነው። አንዱ የምግብ አለመፈጨትን ይጠይቃል፤ ሌላው ሆድ ውስጥ ስለሚሰማ የማይመች ስሜት ይጠይቃል። የአእምሮ ጭንቀትን ለመለየት በተዘጋጀ መጠይቅ ውስጥ ሆድ ሁለት ጊዜ ተጠይቋል ማለት ነው። እንግዲህ ልጁ «ጨጓራዬ» ሲል እየዋሸ አይደለም፤ በእውነት ያመዋል። የሚያመው ግን ከጨጓራው ብቻ አይደለም።

በዚሁ መጠይቅ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከመቶው ወደ 41 የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶች እንዳሏቸው አሳይቷል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት አለብኝ። ምልክት አለ ማለት በሽታ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ፈተና ሲያልፍ፣ ጓደኛ ሲያገኙ፣ ከቤት ገንዘብ ሲላክ ይሻላቸዋል። የማይሻላቸው ናቸው የኔ ጉዳይ። ዕድሜውም ራሱ አስቸጋሪ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ከሚጀምሩበት ዘመን ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ሰው ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ልክ ግቢ ውስጥ ባለበት ጊዜ ማለት ነው።

እኔ ያደግሁት ደረስጌ አካባቢ ነው፣ ጃናሞራ። ደረስጌ ሲባል ሁላችሁም የምታስቡት ዘውድ ነው፤ ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. መንገሣቸውን። እኔ ግን ደረስጌ ሲባል የሚታየኝ የተማሪ ሽኝት ነው። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው እናት ገብስ ትቆላለች፣ በሶ ታስፈጫለች። አባት በግ ይሸጣል፤ በጉ ካልበቃ ጥጃ ይከተላል። ጎረቤት አምስትም አሥርም ብር ይቋጥራል። ቄሱ በመስቀላቸው ዳስሰው ይመርቁታል። አንድ አዛውንት ደግሞ አይጠፉም፣ «እንግዲህ የእኛን ስም ይዘህ ነው የምትሄደው» የሚሉ። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ እኔም ከዚያ ፍቅር ነው የተማርኩት። ግን ያ ልጅ አንደኛ ሴሚስተር ላይ ካልኩለስ ሲከብደው፣ በትከሻው ላይ ያለው የራሱ ውጤት ብቻ አይደለም። በጉም ጥጃውም የመንደሩ አሥር አሥር ብርም አለ። «ጠፋብኝ፣ አልገባኝም፣ ያስጨንቀኛል» ብሎ ለማን ይንገር? ስልክ ሲደውል እናቱ «እንዴት ነህ?» ትለዋለች፤ «ደህና ነኝ እማ» ይላል። እናት ደግሞ የኔታው ቤትም ሆነ ገበያ ላይ ላገኘችው ሁሉ «ልጄ ደህና ነው» ትላለች። በዚህ ዓይነት «ደህና ነኝ» ከልጁ አፍ ወጥቶ አገር ያዳርሳል፤ ልጁ ግን ደህና አይደለም።

ሌላው የእኛ አካባቢ ጠባይ፣ በተለይ ወንዶቹ ላይ፣ «እጅ መስጠት» የሚባለው ነገር ነው። ከደረስጌ እስከ መቅደላ ያለውን የንጉሡን ታሪክ በኩራት ነው የተማርነው። እጄን አልሰጥም ማለት የጀግና ነው ተብለን አድገናል። ታሪኩን ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ። ግን አንድ የ19 ዓመት ልጅ አማካሪ ክፍል መግባትን እጅ እንደመስጠት ሲቆጥረው አያለሁ፤ ያ ያስፈራኛል። ቴዎድሮስ ፊታቸው የእንግሊዝ ጦር ነበር። የአንድ ኮርስ ኤፍ የእንግሊዝ ጦር አይደለም። ነርስም የጠላት ወታደር አይደለችም። ይህን በቀልድ አስመስዬ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ሲስቁ ደግሞ ትንሽ በር ይከፈታል።

የዘንድሮ ልጆች ከእኛ ይልቅ ከባድ ነገር ተሸክመው ነው የሚመጡት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ። ከመቶ ሦስት ሆኖ ያለፈ ልጅ ለመንደሩ ተአምር ነው፤ ተአምር ደግሞ መውደቅ አይፈቀድለትም። ሪሜዲያል የገባው በበኩሉ «ግቢ ነኝ» ለማለት እንኳ ያፍራል። ጂሲ የሆነው ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለበት፤ አራት አምስት ዓመት ተምሮ በዚያ በአንድ ፈተና የሚቀር ዲግሪ። እኛ «ጂሲ» ስንሆን ስለ ሱፍ ነበር የምንጨነቀው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት በደረሰ ጊዜ ብዙ ሲቪል ሰው አልቋል። ደባርቅም ከአዲ አርቃይና ከዚያ ወዲያ የተፈናቀለውን ሕዝብ ተቀብላለች። ያኔ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ናቸው አሁን ግቢ እየገቡ ያሉት። ከዚያም ወዲህ ትምህርቱ በጸጥታ ችግር ሲቆራረጥ ነው የከረመው። አንዳንዱ ልጅ በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል። አንዳንዷ የሌሊት ቅዠት ስላላት ዶርም ውስጥ «ትጮኻለች» ተብላ ስም ወጥቶላታል። መምህራን ሆይ፣ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ በር በሩን የሚያየውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት የት እንደነበረ ጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለዚህ ነበር።

ክሊራንስ ታስታውሳላችሁ አይደል? አንድ ተማሪ አቋርጦ ሲወጣ ያንን ወረቀት ይዞ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንዳልቀረበት ይፈርማሉ። ፕሮክተሩ ፍራሹንና ቁልፉን ተረክቦ ይፈርማል። ካፌ የምግብ ካርዱን ይቀበላል። ስፖርት ክፍል ማልያ እንዳልወሰደ ያረጋግጣል። ላቦራቶሪ፣ ዲፓርትመንት፣ ሬጂስትራር፤ ሁሉም ይፈርማሉ፣ ማኅተሙም ይመታል። ብዙ ሰው ነው ያንን ልጅ በአንድ ቀን ፊት ለፊት የሚያየው። ስለ ፍራሹ የሚጠይቀው አለ፣ ስለ ማልያው የሚጠይቀው አለ፤ «ለምንድን ነው የምትሄደው?» የሚለው ግን የማንም ሥራ አይደለም። ማንንም እየወቀስኩ አይደለም፤ ፕሮክተሩ የተቀጠረው ለፍራሽ ነው። ወረቀቱ ነው ጥያቄውን ያልያዘው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በሕመም ምክንያት ትምህርት አቋርጦ በሌላ ጊዜ መመለስ የሚቻልበት መንገድ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ደንብ ውስጥ አለ። ለዚያ ግን የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፣ በጊዜው ማመልከት ያስፈልጋል። ብዙው ልጅ ይህን አያውቅም። ሻንጣውን ይዞ ሌሊት መናኸሪያ ያድራል፣ ጠዋት ይሳፈራል። አንዳንዱ ክሊራንሱንም አይጨርስም። ከስድስት ወር በኋላ ሲሻለው፣ ወይም ቤተሰቡ አስታምሞ ሲያድነው፣ መመለሻው ተዘግቶ ይጠብቀዋል። የታመመው ሁለት ወር ሊሆን ይችላል፤ የሚያጣው ግን ዲግሪውን ነው። አንዳንዱም ደግሞ ወደ ቤቱም አይደርስም፤ «ምን ብዬ እገባለሁ» ብሎ ጎንደር ወይ መተማ ይቀራል። ከዚህ የከፋውንም ታውቁታላችሁ።

ስለ እሱ በግልጽ ልናገር። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰው ራሱን በማጥፋት እንደሚሞት፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድም ይህ ሦስተኛው የሞት ምክንያት እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እኛ ዘንድ ቃሉን ማንሳት ራሱ ያስፈራል፤ «ሟርት ነው» እንላለን። «ብጠይቀው ሐሳቡን እኔው አስገባበት ይሆን?» ብለው የሚፈሩ መምህራን አጋጥመውኛል። አታስገቡበትም። በሙያው የታወቀ ነገር ነው፤ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፣ ሐሳቡ ያለበትን ሰው ግን ያሳርፈዋል። «እንዲህ የጨነቀው ሰው አንዳንዴ ሞትን ይመኛል፤ አንተስ እንደዚያ ይሰማሃል?» ማለት ይበቃል። «አዎ» ካለ አትገሥጹት፣ «ኃጢአት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ብቻውንም አትተዉት። ተነሡና አብራችሁት ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። አድራሻ መስጠት ሳይሆን አብሮ መሄድ ነው የምላችሁ። በር ድረስ ደርሶ የሚመለስ ብዙ ነው።

በሩ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ሰው አያውቅም። አማኑኤል ሆስፒታል እኛ አገር የስድብ መጠሪያ ሆኗል፤ «አማኑኤል ይውሰዱህ እንዴ?» እየተባባልን ነው ያደግነው። ልጁ እኔ ክፍል ሲገባ ሰንሰለት የሚጠብቅ ይመስላል። ያለው ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነው። መጀመሪያ አዳምጣለሁ። እንቅልፉን፣ ምግቡን እጠይቃለሁ፤ በፈተና ሰሞን ላለመተኛት የሚቃመውን ጫትና የሚጠጣውን ቡና እጠይቃለሁ። የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር እንዳይሆን አስመረምራለሁ። ብዙዎቹ በንግግርና የቸገራቸውን ነገር አንድ በአንድ በመፍታት ብቻ ይሻላቸዋል። መድኃኒት የሚያስፈልገው አለ፤ ፍሎክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን እንሰጣለን። እነዚህ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም፤ መሥራት እስኪጀምሩ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃሉ። ልጁ በአምስተኛው ቀን «ምንም አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። አንድ የዶርም ጓደኛ «ቆይ፣ ታገሥ፣ ተብለህ የለ?» ቢለው ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ጠበልስ? ትሉኝ ይሆናል፤ ደረስጌ ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ አይሸሽም። እናቴ መጀመሪያ የምትወስደኝ ጠበል ነው፣ አሁንም ቢሆን። እኔ ለታካሚዎቼ ጠበሉን ተዉ አልልም፤ መድኃኒቱን አታቋርጡ፣ ባዶ ሆዳችሁን ሰንብታችሁ አትዳከሙ ነው የምለው። አዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም ጠበል ዘንድ ሐኪሞችና አጥማቂ አባቶች ተባብረው ሕሙማንን ሲረዱ ቆይተዋል። ግቢ ጉባኤውም፣ የሙስሊም ተማሪዎች ጀማዓውም፣ ፌሎሺፑም እኔ ከምደርስበት ቀድመው ዶርም ይደርሳሉ። ከእነሱ ጋር መነጋገር ያለብን ይመስለኛል፤ ልጁ ከእኔ በፊት የሚያወራው ለእነሱ ነውና።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። አሁን ፍሬሽ ተማሪ ሁሉ ሳይኮሎጂ እንደ አንድ ኮርስ ይማራል። ስለ ፍሮይድ ፈተና ላይ ይጽፋል። አማካሪው ቢሮ የት እንደሆነ ጠይቁት እስቲ!

የእኛ ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር፣ ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝብ የጨረሰበት ጊዜ ቅርብ ነበር። መሥራቾቹ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን አድርገው ወደ ገጠር ላኩ። በሽተኛው እስኪመጣ አልጠበቁም። ዛሬም ተማሪዎቻችን በቡድን ወደ ወረዳ ይወጣሉ፤ እዚህ ከኋላችን ያለችው ዳባትም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት የሚቆጠርባት፣ ልደትና ሞት የሚመዘገብባት የምርምር ጣቢያ ሆናለች። ዳባት ገጠር ውስጥ አንዲት እናት መውለዷን የምናውቅ ሰዎች፣ በራሳችን ዶርም ውስጥ አንድ ልጅ ሦስት ቀን ካፌ አለመምጣቱን የምናውቅበት መንገድ የለንም። ካፌው ግን ያውቃል፤ ካርዱ አልተመታማ።

ስለዚህ ማኅበራችን ለዩኒቨርሲቲው እንዲያቀርብ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በክሊራንስ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ከአማካሪ ወይም ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሯል»። መስመሩም ከሁሉም በላይ፣ ከፍራሹ በፊት ይሁን። ፈቃድ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ልጁ መሄድ ከፈለገ ይሂድ፣ መብቱ ነው። ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ ለምን እንደሚሄድ የሚያዳምጠው ሰው፣ የሕመም ፈቃድ መኖሩን የሚነግረው ሰው፣ መመለሻውን ክፍት አድርጎ የሚልከው ሰው ያግኝ ነው የምለው። ባለፈው ለአንድ የድሮ መምህሬ ይህን ሳወራላቸው «ልጄ፣ አንድ ማኅተም ትጨምራለህ እንጂ ሌላ ምንም አይመጣም» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ያልታሰበበት ከሆነ ማኅተም ብቻ ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው ገንዘቡ ከእኛ ይምጣ የምለው። በዚያ ክፍል ከሰዓት በኋላም የሚገኝ አንድ ሰው፣ በሩ ላይ «የአእምሮ ሕክምና» ተብሎ በትልቁ ያልተጻፈበት ክፍል፣ ተራ ሲደርስ ስም በጩኸት የማይጠራበት አሠራር። ሦስተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዚህ ሌላ እያንዳንዳችሁ በግል የምትችሉት አለ። ከየወረዳችሁ የገቡ ልጆች አሉ። በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ደውሉላቸው። ስትደውሉ «ጠንክር» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ፤ ጠንክር የሚለውማ ሞልቷል። እናንተም አንድ ወቅት ኤፍ እንዳያችሁ፣ ሌሊት አልቅሳችሁ እንደምታውቁ፣ ወደ ቤት ልትመለሱ መናኸሪያ ድረስ እንደሄዳችሁ ንገሯቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደዚያ የሆናችሁ አላችሁ፤ የዶርማችሁ ልጆች ያውቃሉ። ልጆቹ ግን የሚያዩት የእናንተን መኪናና የእናንተን ማዕረግ ነው። እንደ ልጅ አንድ ጊዜ ጨንቋችሁ እንደነበር የነገራቸው የለም።

የጥያቄው ረቂቅ ተጽፎ በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ከሻይ በኋላ አንብባችሁ የማይስማማችሁን ብትሰርዙ፣ የምትስማሙ ብትፈርሙ ደስ ይለኛል። ሬጂስትራር የሠራችሁ ካላችሁ ደግሞ በተለይ የእናንተን አስተያየት እፈልጋለሁ፤ ወረቀቱን ከእኔ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።